በግራ የተጠመጠመው ሽቦ

በ2071 ዓ.ም. በፈጠራ መርማሪ ቤት የቀሩት ሰው መርማሪዎች ሦስት ብቻ ነበሩ። አንዱ መድኃኒት፣ ሌላው የእህል ዘር፣ ሦስተኛዋ ኤሌክትሪክ ይመለከታሉ። የኤሌክትሪኳ መርማሪ ሄራን ደምመላሽ ትባላለች። ዕድሜዋ ሃምሳ አራት ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሃያ ስድስቱን ዓመት ያሳለፈችው አዲስ አበባ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣ ነው።

ሥራዋ መፈረም ነው። የፓተንት ማመልከቻዎቹን የሚያነበው፣ ከዓለም መዝገብ ጋር የሚያመሳክረውና ውሳኔውን የሚጽፈው አጣሪው ነው። አጣሪው ደግሞ ሰው አይደለም። ሕጉ ውስጥ ግን ከድሮ የቀረች፣ ማንም መሰረዟን ያላስታወሰ አንዲት አንቀጽ ነበረች፤ ፓተንት የሚጸናው በሰው ፊርማ ነው የምትል። ስለዚህ አጣሪው በየቀኑ ዘጠና ያህል ውሳኔ በጠረጴዛዋ መስታወት ላይ ይደረድርላታል። ለአንዱ ውሳኔ አራት ደቂቃ ተመድቦለታል። ዓይኗ በየመስመሩ ማለፉን መስታወቱ ይከታተላል፤ ከዘለለች ገጹ አይገለጥላትም። አራቱ ደቂቃ ሲሞላ አውራ ጣቷን ታሳርፋለች። ቀጣዩ ይመጣል።

አመልካቾቹም ሰዎች መሆን ካቆሙ ቆይተዋል። ትልልቆቹ ድርጅቶች የሚፈጥሩላቸው ማሽን አላቸው፤ ማሽኑ አይተኛም፣ አይታመምም፣ ያሰበውን ሁሉ ያስመዘግባል። የበር ማጠፊያው፣ የጃንጥላው ዘንግ፣ የጫማ ማሰሪያው አስተሳሰር ሳይቀር ባለቤት አለው። የከተማ ሰው ጠዋት ምድጃውን ሲያበራ፣ ምድጃው የፈቃድ ቁጥሩን ለመብራት መስመሩ ነግሮ እሺ እስኪባል አሥራ ሁለት ሰከንድ ይጠብቃል። ሰዉ ለምዶታል። በአሥራ ሁለቱ ሰከንድ ፊቱን የሚታጠብ አለ፤ አጭር ጸሎት የሚያደርስም አለ። ሄራን ጫማዋን ታስርበታለች።

ቁጥር የሌላቸው አሮጌ ዕቃዎች ሲጠየቁ መልስ አይሰጡም። መስመሩ "ዝምተኞች" ብሎ መዝግቧቸዋል። ንድፉ የእኔ ነው የሚል እስካልመጣ ድረስ ያልፋቸዋል። ባለቤት የመጣ ዕለት ግን ዝምታቸው እንደ ስርቆት ይቆጠርና መስመሩ ራሱ ያቋርጣቸዋል። ለዚህ የማንም ትእዛዝ አያስፈልገውም።

የካቲት ወር ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የዕለቱ ሠላሳ ሰባተኛ ማመልከቻ መጣ። አመልካቹ ታልዶር የሚባል የውጭ፣ የበረዶ አገር ድርጅት ነው። ዕቃው ኮንቨርተር ነው፤ የመብራቱን ኃይል በሰከንድ መቶ ሺህ ጊዜ እየቆራረጠ ሞተሩ በሚፈልገው ልክ የሚመጥን ሣጥን። እንዲህ ዓይነቱን ሄራን በሺህ የሚቆጠር አይታለች። ይኼኛው የተለየ ነኝ የሚለው በአንድ ነገር ነበር። ከሁለቱ ዋና ጥምጥሞች በተቃራኒ አቅጣጫ፣ በግራ የተጠመጠመች ሦስተኛ ቀጭን ሽቦ አለችው። መስመሩ ሲወድቅ ይህች ሽቦ መቆራረጡን ታዘገየዋለች፤ ሣጥኑ ሳይጠፋ ይቆያል። ቺፕ የለውም። የሚያዘው ሶፍትዌርም የለውም።

አጣሪው ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ከመቶ አዲስ ነው ብሎታል።

ሄራን አውራ ጣቷን ልታሳርፍ ስትል አራተኛው ገጽ ላይ ቆመች። ታልዶር ሣጥኑ እንደሚሠራ ለማሳየት የተፈተነበትን የመስመር መዋዠቅ በሥዕል አያይዟል። መስመሩ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ይወድቃል፣ እስከ ግማሽ ይነሣል፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ይቆያል፣ ከዚያ እንደገና ይወርዳል። ይህንን ሥዕል ታውቀዋለች። መርማሪ ከመሆኗ በፊት አራት ዓመት የመስመር ኢንጂነር ሆና ሠርታለች፤ ከቡታጅራ ወደ ደቡብ የሚወርደው ረጅም የገጠር መስመር የሚወዛወዘው ልክ እንዲህ ነው። ሌላ መስመር እንዲህ ሲያደርግ አይታ አታውቅም።

በረዶ አገር ያለ ማሽን የስልጤን ገጠር መስመር ከየት አወቀው?

መልሱን ለማግኘት ከአራት ደቂቃ በላይ ፈጀባት። አመልካቹ ማሽን ከምን እንደተማረ መዘርዘር በሕግ ይገደዳል፤ ዝርዝሩ መቶ ሺህ መስመር ስለሆነ የሚያነበው የለም። ሄራን ሙሉ ቀን አነበበችው። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ስልሳ ሁለት ሺህ ምናምንኛው መስመር ላይ አገኘችው። "የተጣሉ የኃይል ዕቃዎች፣ ተፈትተው የተነሡ ምስሎችና የሥራ ሙከራዎች፤ ሰባት ኮንቴይነር፤ የተጫነበት ወደብ ጅቡቲ።"

በማግሥቱ ወደ ቢሮ ኃላፊው ገባች። አቶ ናሆም ገብረጻድቅ ከእሷ በአሥራ ሦስት ዓመት ያንሳል፤ ሰው አክባሪና ጠንቃቃ ነው።

"የማየው ነገር አንድ ሰው ሠርቶት ያደረ ነገር ነው" አለችው። "እዚሁ አገራችን ውስጥ። አሮጌ ሣጥኖች እንደ ቁርጥራጭ ብረት ተሸጡ፤ ማሽኑ ከእነሱ ተማረ፤ አሁን የእኔ ነው እያለ ነው።"

"አጣሪው ምንም አላገኘም።"

"አጣሪው የሚያገኘው የተጻፈውን ነው አቶ ናሆም።"

"ያልተጻፈውን እኛስ በምን እናገኘዋለን?"

"ሄደን በማየት። አንቀጽ ሠላሳ አንድ፤ መርማሪ በቦታው ተገኝቶ መመርመር ይችላል።"

ናሆም አንቀጹን አስወጥቶ አነበበው። ለመጨረሻ ጊዜ በሥራ የዋለው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነበር።

"ወይዘሮ ሄራን፣ እስካሁን ሁለት ተቃውሞ ወድቆብዎታል" አለ። "ሦስተኛው ከወደቀ ፊርማዎ ይነሣል። ያንን እኔም ላቆመው አልችልም። ከተነሣ ደግሞ በእርስዎ ቦታ ሰው አይተካም። ለኤሌክትሪክ ሰው አያስፈልግም የሚል ረቂቅ ተዘጋጅቷል፤ ምክንያት ነው የሚፈልጉት።"

"ሰምቻለሁ።"

"ተቃውሞ ሳይቀርብ ዘጠኝ የሥራ ቀን ካለፈ ማመልከቻው በራሱ ይጸድቃል። አንዱ ቀን አልፏል።"

"ሁለት ቀን ይበቃኛል።"

ናሆም ትንሽ አሰበና ፈረመላት። ከዚያ በፊት የመስክ ፈቃድ ፈርሞ ስለማያውቅ ፊርማው የት ላይ እንደሚያርፍ እሷ ነበረች ያሳየችው።

ከመሄዷ በፊት ከመስመሩ መዝገብ ዝምተኞቹን አስወጣች። መስመሩ ዝምተኞቹን በአረማመዳቸው፣ ኃይል በሚስቡበት ሁኔታ ይለያቸዋል። ኃይል ሲወድቅ እንደ ሌሎቹ ድርግም ከማለት ፈንታ ቀስ የሚሉትን ብቻ እንዲቆጥርላት ጠየቀችው። አርባ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ስድስት አለ። ከእነሱ መካከል ረጅም ጊዜ ሳይነቀል የቆየው ከወራቤ ወጣ ብሎ ያለ ወፍጮ ቤት ነበር፤ ከ2037 ጀምሮ እዚያው ነው። ባለቤቱ ከሊል የሚባሉ ሰው ናቸው። ደወለችላቸው።

"ሣጥኗን ማን እንደሠራት ያስታውሳሉ?"

"ሙኒራ ናታ" አሉ ከሊል፣ ጥያቄው ግር ብሏቸው። "ሌላ ማን ይሠራታል?"

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወራቤ ደረሰች። ከሊል ከአውቶቡሱ ተቀብለው ወደ ወፍጮ ቤቱ ወሰዷት። ዐሥራ አምስት ያህል ሴቶች በቆሎና ስንዴ ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። ሣጥኗ ግድግዳው ላይ፣ ከቆጣሪው አጠገብ ተሰቅላለች፤ ቀለሟ በዱቄት ብዛት አይለይም። መዝጊያዋ ላይ መብራት እንዳይሰረቅ በሚል የታሰረች የእርሳስ ብረት ማኅተም አለች።

"የመብራት ሰዎች ቁጥሯን አምጡ እያሉ አምስት ዓመት ለፈለፉብን" አሉ ከሊል። "እሷ አትናገርም። እኛም አልተናገርንም።"

ወይዘሮ ሙኒራ ሸምሱ የመጡት በእግራቸው ነው። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ወራቤ ገበያ ዳር አርባ ዓመት ሞተር ሲጠመጥሙ ኖረዋል፤ ጥፍራቸው ሥር የገባው ቫርኒሽ ሥራ ካቆሙ በኋላም አልለቀቀም። ሄራን እጅ ነሥታ ሰላም አለቻቸው።

"እማማ፣ ይህችን ሣጥን እርስዎ ነዎት የሠሯት?"

"እኔ ነኝ። ከእሷ በፊት ሦስት አቃጥያለሁ። አራተኛዋ ናት።"

"እንዴት እንዳገኟት ይንገሩኝ።"

ሙኒራ ከእህል ጆንያዎቹ አንዱ ላይ ተቀመጡ። ወፍጮው ስለሚጮህ ሄራን ተጠግታ ጎንበስ አለች።

"ያኔ ከውጭ የሚመጣው ኮንቨርተር ሁሉ መስመሩ በወደቀ ቁጥር ይሞት ነበር። ሞተ ማለት ወፍጮው ቆመ። ሴቲቱ ሁለት ሰዓት መንገድ እህል ተሸክማ መጥታ፣ እህሉን ተሸክማ ትመለሳለች። እንዲህ የምትመለስ ሴት ፊቷን አይተሽ ታውቂያለሽ ልጄ? እኔ በየቀኑ አይ ነበር፤ ሱቄ መንገዱ ላይ ነው። አስተካክይልን እያሉ ያመጡልኛል። የተቃጠለውን እቀይራለሁ፣ በሳምንቱ ተቃጥሎ ይመለሳል። በኋላ ተናደድኩ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ አሰብኩ። ይኼ ዕቃ ምንድን ነው? በር ነው። ይከፈታል፣ ይዘጋል። መስመሩ ሲዳከም በሩ በዚያው ፍጥነት እከፈታለሁ ካለ የሚያሳልፈው ያጣል፣ ይሞታል። መዳከሙን የሚነግረው ይፈልጋል። ሁለቱ ጥምጥሞች አይነግሩትም፤ መስመሩ ሲወድቅ አብረው ይወድቃሉ። ስለዚህ ሦስተኛ ጨመርኩ፣ በግራ። እነሱ ሲወድቁ እሷ ትነሣለች። ተነሥታ በሩን ቀስ በል ትለዋለች።" ወደ ሣጥኗ እያዩ ጨመሩ። "አንዳንድ ሰው በስህተት አግኝታው ነው ይላል። በስህተት አይደለም። አምስት ወር ነው የፈጀብኝ።"

ሄራን የመጣችበትን ጉዳይ አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። ስለ ታልዶር፣ ስለ ኮንቴይነሮቹ፣ ስለ ቀሩት ቀናት ነገረቻቸው። ሙኒራ ሳያቋርጡ ሰሙ።

"ካጸደቁለት ምን ይሆናል?"

"መስመሩ እንደዚህች ያሉትን ሁሉ ለይቶ ያቋርጣል። ወፍጮውም፣ የውኃ ፓምፑም፣ የጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣውም።"

"ስንት ናቸው?"

"አርባ አንድ ሺህ ይሆናሉ።"

ሙኒራ ዞረው አዩአት። "እኔ የሠራሁት ሁለት መቶ ቢሆን ነው። ያስተማርኩትም ስልሳ ሰው ነው።"

"ስልሳዎቹ አስተምረዋል እማማ።"

አሮጊቷ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ወደ ብርሃኑ አንሥተው አዩት፣ መልሰው ጠረጉት።

አስቸጋሪው ነገር ማስረጃው ነበር። ሙኒራ ስለ ሥራቸው አንድ ቃል ጽፈው አያውቁም። ሣጥኗ አሮጌ መሆኗ ብቻ አይበቃም፤ ውስጧ ያለው ጥምጥም ከማመልከቻው በፊት የነበረ ለመሆኑ ማሳያ ያስፈልጋል። ሄራን የእርሳስ ማኅተሟን በአጉሊ መነጽር አየቻት። የተመታው ቀን ይነበባል። ሰኔ 2037። ማኅተሟ የታሰረችበት ሽቦ አልተበጠሰም፣ አልተቀጠለም።

"ከዚያ ቀን ወዲህ ሣጥኗ አልተከፈተችም ማለት ነው" አለች። "ውስጧ ያለው ሁሉ ማኅተሙን በዕድሜ ይበልጣል። በምስክር ፊት ከፍተን፣ ጥምጥሙን ፈትተን ማሳየት አለብን።"

ከሊል ከሄራንና ከሣጥኗ መካከል ገቡ።

"ሠላሳ አራት ዓመት ሳትቆም የሠራች ዕቃ ናት" አሉ። "ይቅርታ አድርጊልኝ እንጂ ነገ ትሄጃለሽ። ተፈትታ እምቢ ብትል ይኼ ሁሉ ሰው የት ያስፈጫል? ቁጥር ያለውን ለማስገባት ቢያንስ ሁለት ወር ነው ወረፋው።"

ሄራን ልክ መሆናቸውን አወቀች። ወደ ሙኒራ አየች።

"እፈታታለሁ" አሉ ሙኒራ። "እኔው መልሼ እጠመጥማታለሁ።"

"እትዬ፣ እጅዎ እኮ..."

"እጄን አውቀዋለሁ ከሊል። መብራቱን አጥፋው።"

ወፍጮው ቆመ። ከተሰለፉት ሴቶች ሁለቱ ለምስክርነት ስማቸውን አስመዘገቡ። ሄራን ካሜራውን ተከለችና ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተገኙትን ሰዎች ስም በድምፅ ተናገረች። ከሊል ማኅተሟን በጉጠት ቆረጡ። መዝጊያው ሲከፈት ለዓመታት የተጠራቀመ ዱቄት እንደ ጉም ወጣ።

ሙኒራ ጥምጥሙን ነቅለው በሞቀ ብረት ቫርኒሹን አለሰለሱት፤ ከዚያ ዙር በዙር ይፈቱት ጀመር። ሦስተኛዋ ሽቦ ከላይ ነበረች፤ በግራ፣ አሥራ አንድ ዙር። ከሥሯ፣ ጥምጥሞቹ እንዳይነካኩ የገባ ወረቀት ብቅ አለ። ሄራን በመቆንጠጫ አነሣችው። የግድግዳ ካላንደር ቅጠል ነው። ኅዳር 2036። ከሠላሳዎቹ ቀናት አሥራ ስምንቱ ላይ በእርሳስ ጭረት አለ።

"ጭረቶቹ ምንድን ናቸው?"

ሙኒራ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። የረሱት መሆኑ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

"ወፍጮው የቆመባቸው ቀናት" አሉ። "እቆጥር ነበር። እንዲህ ያደርገኝ ነበር ያኔ።"

ሴቶቹ ወረቀቱን ለማየት ተጠጉ። አንዷ፣ ከሁሉም በዕድሜ የገፋችው፣ "ኅዳር ሃያ አንድ እኔ ነኝ" አለች። "ሠርግ ነበረብን፤ ሳላስፈጭ ተመለስኩ።" ሄራን ይህንንም በምስክርነት መዘገበችው።

መልሶ መጠምጠሙ ሦስት ሰዓት ወሰደ። መጀመሪያ ላይ ሽቦው ከሙኒራ ጣቶች አመለጠ፤ ሁለት ጊዜ ፈትተው እንደገና ጀመሩ። ከሊል ቆመው ማየት አቅቷቸው ወጡ። በሦስተኛው ሙከራ ሽቦው ተራውን ያዘ፤ ከዚያ በኋላ እጃቸው ቀድሟቸው ይሄድ ጀመር። ዙሩን በስልጢኛ ይቆጥሩ ነበር። ከመበየዳቸው በፊት እያንዳንዱን መጋጠሚያ በጥፍራቸው ነካ ነካ አድርገው ያዳምጣሉ። ሄራን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፈጠራ መርምራ ሲፈጠር አይታ አታውቅም ነበር። ካሜራው ራሱን ችሎ ይቀርጻል፤ እሷ ግን ከጎናቸው አልተነሣችም።

ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሰላት በፊት፣ ሣጥኗ ግድግዳው ላይ ተመለሰች። ከሊል ማብሪያውን ከፍ አደረጉ። ወፍጮው አጉረመረመ፣ ተነሣ፣ ድምፁን ያዘ። ወዲያው መስመሩ ወደቀ፤ ሦስት ጊዜ። አምፖሉ ፈዘዘ፣ የወፍጮው ድምፅ ወፈረ፣ ግን አልቆመም። መስመሩ ሲነሣ አብሮ ተነሣ።

"የማን ተራ ነው?" አሉ ከሊል።

ሄራን ተቃውሞዋን ዓርብ ጠዋት አስገባች። የታልዶር መልስ በአርባ ሰከንድ መጣ፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ነው። ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ የወራቤዋ ሣጥን ያለ ዕውቀት በአጋጣሚ የተሠራች ስለሆነች እንደ ቀዳሚ ፈጠራ አትቆጠርም። ሁለተኛ፣ ታልዶር ጥያቄውን አሻሽሏል፤ የእሱ ሽቦ አሥራ ሁለት ዙርና ከዚያ በላይ እንጂ አሥራ አንድ አይደለም። አጣሪው ማሻሻያውን ተቀብሎ የአዲስነቱን መጠን ዘጠና ሰባት አደረገው።

ሄራን ቃል እንዲሰማ ጠየቀች። ሰባተኛው የሥራ ቀን ላይ ናሆም በሰብሳቢነት ተቀመጠ። ሙኒራ ከወራቤ በምስል ቀረቡ፤ ከኋላቸው ከሊልና ብዙ ሰው ይታያል። የታልዶር ማሽን ምስል አልነበረውም። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ አማርኛው ስህተት አይወጣለትም።

"ለሁለታችሁም አንድ ጥያቄ አለኝ" አለ ናሆም። "ሽቦዋ ለምን በግራ ተጠመጠመች? አመልካቹ ይቅደም።"

"ከአራት ሚሊዮን ሙከራ መካከል የተሻለ ውጤት የሰጠው ይህ አቅጣጫ ነው" አለ ድምፁ።

"ምክንያቱስ?"

"ምክንያቱ ለመብት ጥያቄው አስፈላጊ አይደለም።"

"ወይዘሮ ሙኒራ?"

ሙኒራ ለሄራን የነገሯትን ደገሙት፤ በሩን፣ አብረው የሚወድቁትን ሁለት ጥምጥሞች፣ የምትነሣውን ሦስተኛ። በሦስት ደቂቃ ጨረሱ። ከዚያ፣ "እኔም ልጠይቅ?" አሉ።

"ይጠይቁ።"

"አሁን ስንት ዙር ነው ያላችሁት?"

"አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ" አለ ድምፁ።

"በምን ሞተር ሞከራችሁት?"

"በሥራ ላይ ባለ ሞተር፤ በመደበኛ ሙቀት።"

"እንግዲያው ጠዋት አልሞከራችሁትም" አሉ ሙኒራ። "ሞተር አድሮ ቀዝቅዞ ሲነሣ ሦስት እጥፍ ይስባል። አሥራ ሁለት ዙር ካላችሁት ሽቦዋ ቀስ በል ማለቷን አትተውም፤ በሩ ተከፍቶ ይቀርና ይቃጠላል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ያቃጠልኩት በአሥራ አራት፣ በአሥራ ሦስትና በአሥራ ሁለት ነው። ለዚያ ነው አሥራ አንድ የሆነው።"

ናሆም አጣሪውን በቀዝቃዛ ሞተር አስልቶ እንዲያሳይ አዘዘው። አጣሪው ማንኛውንም ጥያቄ ከሁለት ሰከንድ በላይ አስቦበት አያውቅም። ይህን ለማስላት አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ወሰደበት። ከዚያ መስታወቱ ላይ አንድ መስመር ወጣ፤ በአሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ ዙር የተጠመጠመው ሣጥን በመጀመሪያው የጠዋት መነሣት ይቃጠላል፤ የሚሠራው የወራቤዋ ሣጥን አሥራ አንድ ዙር ነው። ቀጥሎ ሁለተኛ መስመር ጻፈ። የአዲስነት መጠን፣ ዜሮ።

ታልዶር ተጨማሪ ሐሳብ እንዳለው ተጠየቀ። የለኝም አለ።

ናሆም ውሳኔውን ራሱ በቃል ተናገረና ለሄራን አስተላለፈው። እሷም አውራ ጣቷን አሳረፈች፤ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የራሷ የሆነ ፊርማ ይህ ነበር። እጇን ስታነሣ ናሆም ከወንበሩ ተነሥቶ ቆሞ አገኘችው።

"የመስክ ፈቃድ ማመልከቻው ላይ ፊርማዬ የሚያርፍበትን ቦታ አሁን አውቄዋለሁ" አላት። "የሚቀጥለውን ሲያመጡ አላስቸግርዎትም።"

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ወደ ወራቤ ደወለች። ሙኒራ ወፍጮ ቤት ነበሩ፤ ድንጋዩ ሲጮህ ይሰማል።

"ታዲያ አሁን የእኔ ነው ማለት ነው?" አሉ።

ሄራን ይህን ጥያቄ ስትፈራው ነበር። "አይደለም እማማ። ሠላሳ አራት ዓመት በአደባባይ የሠራ ነገር የማንም የግል ሊሆን አይችልም። ለእርስዎም ፓተንት አይሰጥም። የሁሉም ነው።"

"እሱማ ድሮም የሁሉም ነበር" አሉ ሙኒራ፣ ምንም ሳይከፋቸው። "ስሜስ?"

"ስምዎ ገብቷል። በዓለም መዝገብ። ከእንግዲህ የትም አገር ያለ መርማሪ፣ ሰውም ይሁን ማሽን፣ እንዲህ ያለ ሣጥን ሲቀርብለት መጀመሪያ የሚያገኘው የእርስዎን ነው።"

"ምን ይላል?"

ሄራን አነበበችላቸው። "በተቃራኒ አቅጣጫ በተጠመጠመ ሦስተኛ ሽቦ፣ ኃይል ሲወድቅ ራሱን የሚያዘገይ ኮንቨርተር። ፈጣሪ፦ ሙኒራ ሸምሱ፣ ሞተር ጠምጣሚ፣ ወራቤ፤ ሰኔ 2037። የተመረመረው በቦታው።"

በስልኩ ወዲያ ማዶ የወፍጮው ጩኸት ብቻ ነበር። ከዚያ ድንጋዩ እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ ቆመ። የሰው ጉርምርምታ ተሰማ፤ እሱም ጸጥ አለ።

"ከሊል አጥፍቶት ነው" አሉ ሙኒራ። "እስቲ ልጄ፣ ቀስ ብለሽ ድገሚው። ሰዉ አልሰማም።"

ሄራን ከወንበሯ ተነሣች። ቆማ፣ ቃል በቃል እየለየች፣ ከመጀመሪያው ጀምራ አነበበችው። ስሙ ላይ ስትደርስ ከወዲያ ማዶ አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። ሙኒራ እስኪያበቁ ጠበቁ።

"በሉ ሰማችሁ" አሉ። "አብራው ከሊል። ሰው ተራ እየጠበቀ ነው።"